መጤ እንጀራ ይቀማልን? ከመዲና እስከ ሪያድ



በየከተማችን ሁለት ንግግሮች ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንደኛው «ዐረብ ሀገር ሄጄ ሠርቼ ልለወጥ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከየቦታው የሚመጣው ሰው በዛ፤ የቀን ሥራውን በርካሽ እየገባበት እኛን ሥራ አሳጣን» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የሚናገረው አንድ ሰው ነው። እዚህ ሲሆን ነባር ነው፤ ባሕር ሲሻገር ደግሞ መጤ ይሆናል። ጂዳ ላይ ሥራ ያጣ የሳዑዲ ወጣትም ስለ እኛ እህቶችና ወንድሞች ይህንኑ ይላል።

እንግዳ ሲበዛ የነባሩ ሥራና ደሞዝ በእርግጥ ይቀንሳልን? «ሪዝቅ ከአላህ ነው» ብለን ማለፍ እንችላለን፤ እውነትም ነው። ሆኖም የቤት ኪራይ የደረሰበት ወጣት ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋል፤ አላህም ለሪዝቅ ሰበብ አድርጎለታል። ስለዚህ ጥያቄውን በታሪክ ፊት እናቅርበው። ከመዲና፣ ከማያሚ፣ ከካሊፎርኒያ፣ ከሪያድና ከዱባይ የታዩ ነገሮችን እናነሳለን። ሂጅራ ብለን ያልጠቀስናቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መዲና፦ ጉልበት ከእናንተ፣ ፍሬው በጋራ

በ622 ሙሃጂሮች ከመካ ወደ መዲና ሲገቡ ቤትና ንብረታቸውን ጥለው ነበር። የመካ ሰው በአብዛኛው ነጋዴ ነው፤ የመዲና ሰው ደግሞ በተምር እርሻ የሚኖር ገበሬ። ገበያው ላይ በኑ ቀይኑቃዕ የተባለው የአይሁድ ጎሳ ትልቅ ስፍራ ነበረው። እንግዲህ በአንዲት የገበሬ ከተማ ላይ እርሻ የማያውቁ፣ ባዶ እጃቸውን የመጡ ሰዎች ሲጨመሩ አስቡት።

አንሷሮች የተምር ዛፎቻቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለሙሃጂር ወንድሞቻቸው ለመስጠት ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልተቀበሉም። ከዚያ የተስማሙበት ነገር የሥራ ውል ነው፤ ሙሃጂሮች በዛፎቹ ላይ ጉልበታቸውን ያፈሳሉ፣ ፍሬውን ሁለቱም ወገኖች ይካፈላሉ። ባለ ርስቱ ርስቱን አላጣም፤ እንግዳውም ተመጽዋች አልሆነም። ቡኻሪ የዘገቡት ነው።

የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ታሪክም በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። አንሷሩ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ካለው ሁሉ ግማሹን ሊያካፍላቸው ሲነሳ እሳቸው ዱዓ አድርገውለት የገበያውን መንገድ ብቻ ጠየቁ። በበኑ ቀይኑቃዕ ገበያ የደረቀ አይብና ቅቤ በመሸጥ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆዩ በራሳቸው ገቢ አገቡ። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸይበር ከተከፈተች በኋላ ደግሞ ሙሃጂሮች ከአንሷሮች በውሰት የተሰጧቸውን ዛፎች መለሱ። የመጣው ሰው እንደ ዕዳ የታየው ለጥቂት ዓመታት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የከተማዋን ንግድ ያሰፋው እርሱ ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን «መጤ በዛብን» የሚል ድምፅ መዲና ውስጥ አልነበረም ማለት አይደለም። በበኑ ሙስጦሊቅ ዘመቻ ጊዜ የዑመር (ረ.ዐ) ቅጥር የነበረ አንድ ሰው ከአንሷሮች ወገን ከሆነ ሌላ ሰው ጋር በውሃ ጉድጓድ ላይ ተጣላ። ሁለት ሠራተኞች በውሃ መጣላታቸው ነበር፤ እዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር። ዐብደላህ ኢብን ኡበይ ግን ጠቡን አነሳና የሀገርና የእንጀራ ጉዳይ አደረገው። እነዚህ ሰዎች በገዛ ሀገራችን ተፎካካሪ ሆኑብን፣ የምትሰጧቸውን ብታቆሙ ተበትነው ይሄዱ ነበር የሚል ቅስቀሳ ነበር ያካሄደው። ቁርኣን በሱረቱል ሙናፊቁን ይህንን ንግግሩን አጋልጧል። ልብ በሉ፤ ኢብን ኡበይ እንጀራ ያጣ የቀን ሠራተኛ አልነበረም። ከሂጅራው በፊት በመዲና ላይ ሊነግሥ ተቃርቦ የነበረ መኳንንት ነው። ያጣው ሥልጣን ነው፤ የተናገረው ግን ስለ እንጀራ ነው። ይህ ዓይነት ሰው በየዘመኑ አይጠፋም።

ማያሚ 1980፦ 125 ሺህ ሰዎች በጥቂት ወራት

«ያ የሶሐቦች ዘመን ነው፤ የዛሬ ገበያ ሌላ ነው» የሚል ይኖራል። ጥሩ፤ ወደ ዘመናችን እንምጣ።

በሚያዝያ 1980 የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ መሄድ የሚፈልግ ሁሉ ከማሪየል ወደብ መሄድ ይችላል አሉ። እስከ መስከረምና ጥቅምት ድረስ ወደ 125 ሺህ ኩባውያን በጀልባ አሜሪካ ገቡ። ግማሽ ያህሉ ማያሚ ከተማ ቀሩ። የከተማዋ ሠራተኛ ቁጥር በጥቂት ወራት ውስጥ በ7 በመቶ ገደማ ጨመረ። አብዛኞቹ ብዙ ያልተማሩና በጉልበት ሥራ የሚገቡ ነበሩ።

የኢኮኖሚ ሊቁ ዴቪድ ካርድ በ1990 ባሳተመው ጥናት ማያሚን ከአትላንታ፣ ከሎስ አንጀለስ፣ ከሂዩስተንና ከታምፓ ጋር አነጻጸረ። ያገኘው ብዙዎችን አስገረመ። የነጮችም የጥቁሮችም ዝቅተኛ ሙያ ያላቸው ሠራተኞች ደሞዝ በስደተኞቹ ምክንያት ወረደ የሚያሰኝ ምልክት አላገኘም። ቀድመው በመጡት ኩባውያን ላይ እንኳ ጉልህ ጉዳት አላየም። ካርድ በ2021 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ይህን ጥናት በጥብቅ የተቃወመው ጆርጅ ቦርሃስ ነው። ቦርሃስ ራሱ ሀቫና ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ኩባዊ ነው። «ሁሉንም ሠራተኛ አንድ ላይ ማየት ጉዳቱን ይሸፍናል፤ ከእንግዶቹ ጋር ፊት ለፊት የሚፎካከሩትን ብቻ እንይ» የሚል መከራከሪያ አቀረበ። ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሱ ወንዶችን ለይቶ ሲያይ ደሞዛቸው ከ10 እስከ 30 በመቶ ወርዶ አገኘ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ መልስ ሰጡ፤ በዚያው ጊዜ ደሞዝ የሚመዘገብበት ጥናት ቀድሞ ከሚያካትተው የበለጠ ቁጥር ያላቸው ጥቁር ወንዶችን ማካተት ጀምሮ ነበር፤ የእነርሱ ደሞዝ በአማካይ ዝቅተኛ ስለነበር አማካዩን ዝቅ ያደረገው በአብዛኛው ይህ ለውጥ ነው አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ከዚህ ክርክር ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ሥራ ቁጥሩ ተወስኖ ያለቀ ነገር አይደለም። ገበታ ላይ እንደ ቀረበች አንዲት እንጀራ፣ እንግዳው አንድ ጉርሻ በወሰደ ቁጥር የእኛ ድርሻ የሚያንስ ይመስለናል። ነገር ግን የመጣው ሰው ይበላል፣ ይለብሳል፣ ቤት ይከራያል። አንድ ሕንፃ ሥር 50 የቀን ሠራተኛ ሲጨመር አጠገቡ ሻይና ቂጣ የምትሸጠው እህት ገበያዋ ይደራል፤ ባጃጁም ጭነት ያገኛል። አሠሪውም ርቀው የነበሩ ሥራዎችን ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ጉዳት የሚባል ነገር የለም ማለትም ልክ አይደለም። የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2016 ጥናቶቹን ሁሉ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ በረጅም ጊዜ በነባሩ ሕዝብ አጠቃላይ ደሞዝ ላይ የሚታየው ለውጥ በጣም ትንሽ ነው፤ ጉዳት ሲኖር የሚያርፈው ግን በአብዛኛው ቀድመው በመጡ ስደተኞችና ሁለተኛ ደረጃ ባላጠናቀቁ ሰዎች ላይ ነው ብለዋል። ማለትም ትናንት የመጣው ዛሬ በሚመጣው ይገፋል። ድሀው ሲያማርር «ዘረኛ ነው» ብሎ ዝም ማሰኘት ዙልም ነው፤ ሕመሙ እውነት ሊሆን ይችላልና።

ካሊፎርኒያ፦ መጤው ሲባረርስ?

አሁን ተቃራኒውን እንይ። እንግዳው ቢባረር ደሞዝ ይጨምራልን?

ከ1942 እስከ 1964 አሜሪካ በስምምነት የሜክሲኮ ሰዎችን ለወቅታዊ የእርሻ ሥራ ታስመጣ ነበር። ፕሮግራሙ «ብራሴሮ» ይባላል። በእነዚያ ዓመታት ከ4 ሚሊዮን በላይ ውሎች ተፈርመዋል። ሠራተኛው ከተመደበለት አሠሪ ወጥቶ ሌላ ጋር መግባት አይፈቀድለትም ነበር። ስለ ደሞዝ መቀነስና ስለ መጥፎ መኝታ አቤቱታ በዛ። የሠራተኛ ማኅበራትና የገበሬ ሠራተኞች መሪ የነበረው ሴዛር ቻቬዝ ፕሮግራሙን ተቃወሙ፤ አሠሪዎች ብራሴሮዎችን የአድማ መስበሪያ አድርገዋቸዋል ብለው። መንግሥትም የአሜሪካውያን የእርሻ ሠራተኞች ደሞዝ እንዲያድግ በሚል በ1964 መጨረሻ ፕሮግራሙን ዘጋው። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወቅታዊ ሠራተኛ ቀረ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሚካኤል ክሌመንስና ባልደረቦቹ የዚያን ዘመን መዝገቦች አገላብጠው መረመሩ። ብዙ ብራሴሮ በነበረባቸው ክልሎች የእርሻ ደሞዝ፣ ብራሴሮ ካልነበረባቸው ክልሎች የተለየ ዕድገት አላሳየም። የነባሩ ሰው ቅጥርም አልጨመረም። ታዲያ ክፍት ቦታው የት ሄደ? ማሽን ገባበት። ቲማቲም የሚለቅም ማሽን ተፈልስፎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ርካሽ እጅ እያለ ግን ባለ እርሻው ማሽኑን አልፈለገውም። ሰዎቹ ሲሄዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የካሊፎርኒያ የፋብሪካ ቲማቲም ሁሉም ማለት ይቻላል በማሽን ይለቀም ጀመር። ማሽን ያልተገኘላቸው አንዳንድ አዝመራዎች ደግሞ ምርታቸው ቀነሰ። እንግዳው ሄደ፤ ነባሩ ግን ቦታውን አልወረሰም።

ሪያድ፦ የእኛው ሰዎች በታሪኩ ውስጥ

ወደ ቤታችን ታሪክ ደረስን። ሳዑዲ ዐረቢያ ከ1973 የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ በኋላ መንገዷን፣ ሆስፒታሏንና ቤቷን በውጭ ሠራተኞች ገነባች። በ2022 በተደረገው ቆጠራ ከ32 ሚሊዮን ነዋሪ 13 ሚሊዮን የሚሆነው የውጭ ዜጋ ነበር። በዚህ መሐል የሀገሪቱ ወጣት ተምሮ ሥራ አጣ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉንም መቅጠር አልቻለም፤ የግል ድርጅት ደግሞ የውጭውን ሰው መረጠ።

በሰኔ 2011 መንግሥት «ኒጣቃት» የሚባል ሥርዓት አወጣ። ድርጅቶች በቀጠሯቸው የሳዑዲ ዜጎች ድርሻ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ፕላቲነም ተብለው ተመደቡ። ቀይ የሆነ ድርጅት የውጭ ሠራተኞቹን ፈቃድ ማሳደስ አይችልም። ውጤቱን ያጠናችው ጄኒፈር ፔክ በ16 ወራት ውስጥ 63 ሺህ ያህል የሳዑዲ ዜጎች በዚህ ምክንያት ሥራ እንዳገኙ ገምታለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ 63 ሺህ ቤተሰብ ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን 11 ሺህ ያህል ድርጅቶች ተዘግተዋል። ሥራ ተገኘ፤ ሥራ የሚፈጥሩ በሮችም ተዘጉ።

ከዚያ 2013 መጣ። ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች እንዲያስተካክሉ ወይም እንዲወጡ የተሰጠው ጊዜ በኅዳር 3 አበቃ፤ በማግስቱ አሰሳ ተጀመረ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት የሪያዱ መንፉሓ ሰፈር ግጭት ተነስቶ ሕይወት ጠፋ። በቀጣዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙዎቹ ቀድሞ በየመን በኩል ባሕሩን በጀልባ የተሻገሩ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠይቅ። የሪያድ ነጋዴ የሀገሩን ልጅ ትቶ የውጭውን ሰው የመረጠው ለምንድን ነው? እኛ ከእነርሱ የበለጠ ታታሪ ስለሆንን ብቻ አይደለም። በከፋላ ሥርዓት የውጭ ሠራተኛ ኢቃማው በካፊሉ እጅ ነበር። ካፊሉ ካልፈቀደ ሌላ ቦታ ሄዶ መቀጠር አይችልም ነበር፤ ለረጅም ጊዜም ካፊሉ ሳይፈቅድ ከሀገር መውጣት እንኳ አይቻልም ነበር። የሳዑዲው ወጣት ግን ደሞዙ ካነሰ ይለቃል። ከ2013 ጀምሮ አንድ የሳዑዲ ዜጋ በኒጣቃት ሙሉ ሠራተኛ ተብሎ እንዲቆጠር ቢያንስ 3 ሺህ ሪያል መከፈል ነበረበት። ለእኛ ሰው እንዲህ ያለ ወለል አልነበረውም። አንዱ እጅ ሁለት ዋጋ ወጣለት። ነጋዴው ርካሹን ቢገዛ ምን ይገርማል? የሳዑዲውን ወጣት የገፋው የእኛ እህት መምጣት ሳይሆን የእኛ እህት መልቀቅ አለመቻሏ ነው።

ዱባይ 2011፦ በሩ ሲከፈት

ይህ ግምት ብቻ እንዳይሆን ማስረጃውን እንመልከት። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬትስ እስከ 2010 ድረስ ውሉን የጨረሰ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር አይችልም ነበር፤ ፈቃድ ከሌለው ከሀገር ወጥቶ 6 ወር መቆየት ግድ ነበር። ከጥር 2011 ጀምሮ ውሉ ያለቀ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ እንዲዛወር ተፈቀደ።

ሱሬሽ ናይዱ፣ ያው ኒያርኮና ሺንግ ዪ ዋንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የደሞዝ ክፍያ መዝገቦችን አጠኑ። ውላቸው ከለውጡ በኋላ ያለቀላቸው ሠራተኞች ገቢ 10 በመቶ ገደማ ጨመረ። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ የትም አልሄዱም፤ እዚያው አሠሪ ጋር ቆዩ። መሄድ መቻላቸው ብቻ ደሞዛቸውን ከፍ አደረገው። በሌላ በኩል አሠሪዎች አዲስ ሰው ከውጭ የማስመጣት ፍላጎታቸው ቀነሰ፤ ይህም ሊደበቅ የማይገባው የነገሩ ገጽታ ነው። የሰውየው ሐቅ ሲከበር እንደ ርካሽ ዕቃ ማስመጣቱ ያዋጣል የሚለው ስሌት ተዳከመ።

ከዚያ ወዲህ ኳታር በ2020 የአሠሪ ፈቃድን አስቀርታ በ2021 ለሁሉም ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኞችን ጨምሮ፣ 1 ሺህ ሪያል ዝቅተኛ ደሞዝ ወስናለች። ሳዑዲም በመጋቢት 2021 አሠሪ መቀየርን አቅልላለች፤ የቤት ሠራተኞች ግን በዚያ ለውጥ አልተካተቱም። አብዛኞቹ እህቶቻችን የሚሠሩት ደግሞ በዚያ ነው።

ለእኛ ምን ይላል?

ከእነዚህ ታሪኮች የምንወስደው ዋና ነገር ይህ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደሞዝ የሚወርደው በመምጣቱ ብቻ አይደለም። በብዛት የሚወርደው እንግዳው እምቢ ማለት በማይችልበት ሁኔታ ሲያዝ ነው። እርሱ በግማሽ ዋጋ እንዲሠራ ሲገደድ፣ ያ ግማሽ ዋጋ ነገ የእኛ ዋጋ ይሆናል።

ወደ ከተማችን እንመልሰው። የሕንፃ ሥራ ላይ ከገጠር የመጣውን ልጅ አሠሪው በአነስተኛ ክፍያ የሚይዘው ለምንድን ነው? የቀበሌ መታወቂያ የለውም፤ የሚያድረው እዚያው ሲሚንቶ ጆንያ ላይ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቢከለከል አቤት የሚልበት ሰው አያውቅም። ከጎረቤት ሀገር የተጠለለው ስደተኛም እንዲሁ ነው። ሀገራችን በ2019 ባወጣችው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች በሕግ አግባብ እንዲሠሩ ፈቅዳለች። ተደብቆ የሚሠራ ሰው በርካሽ ይሸጣል፤ በወረቀት የሚሠራ ግን ዋጋውን መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ሕጋዊ መሆኑ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለነባሩም ይጠቅማል።

ወንድሜ ሆይ፣ ያ ልጅ አጠገብህ ሲቀጠር ቀድመህ የምትነግረው የሥራውን ዋጋ ይሁን። «እዚህ የሚከፈለው ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በታች አትቀበል» በለው። ክፍያ ሲከለከል ምስክር ሁነው። የመስጂድ ጀመዓዎችም እንዲህ ላለ ጉዳይ መሸምገል ይችላሉ፤ የሠራተኛን ደሞዝ መብላት በአኺራ ምን ያህል ከባድ ተጠያቂነት እንዳለው ከኹጥባ በተደጋጋሚ ሰምተናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ? እርሱን ብታባርረው ግን አሠሪው ሌላ ደካማ ያመጣል፤ ወይም እንደ ካሊፎርኒያ ማሽን ይገዛል።

እህቴ ሆይ፣ ለመጓዝ ካሰብሽ ደግሞ ከደሞዙ መጠን በፊት ሌላ ጥያቄ ጠይቂ። ውሉ ላይ አሠሪ መቀየር እችላለሁን? ፓስፖርቴ በማን እጅ ይሆናል? የውሉን ቅጂ ቤተሰብሽ ጋር ተይ። ደላላው የሚነግርሽ ስለ ሪያሉ ነው፤ ኑሮሽን የሚወስነው ግን ስትበደዪ መውጣት መቻልሽ ነው።

የመዲናው ውል የተሳካው አንሷሮች ለጋስ ስለነበሩ ብቻ አልነበረም። የእንግዳው ድርሻ ከመጀመሪያው ታውቆ ነበር፤ ገበያውም አልተዘጋበትም። ኢብን ኡበይ ግን የታየው የሚበተን ሰው ብዛት ብቻ ነበር። ዛሬም በየሥራ ቦታው በሁለቱ መንገዶች መካከል ምርጫ አለ።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን፤ በየሰው ሀገር ያሉ ወገኖቻችንን ሐቃቸውን ጠብቆ ወደ ቤታቸው በሰላም ይመልስልን። ወላሁ አዕለም።